ሰማንያኛው ቀን

ትንሳኤ ሰዓቱን በየአምስት ደቂቃው የሚያይ፣ ተቀምጦ ሻይ መጨረስ የማይሆንለት፣ ሲሚንቶ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ሙሉነሽ ደግሞ የሰው ልብስ ስታጥብ የምታዜም፣ ጾም መግባቱን ከእሱ ሰምታ የምታውቅ ሴት ናት። እሱ እግዚአብሔርን የሚያስበው ከበርበራ ወደብ እስከ ኢትዮጵያ ድንበር በየኬላው እንደሚጠብቁት ፈታሾች ነው፤ የወረቀቱ ቀን ካለፈ እንደሚመልሱት። እሷ ስትጸልይ ግን ከቅርብ ሰው ጋር የምታወራ ትመስላለች።

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ በተከራዩት ክፍል የሚያሳድጓት ሕፃን ልጃቸው ዓርብ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሊያስነሷት ያሰቡት ድንበር ተሻግረው ጅግጅጋ፣ የትንሳኤ እናት ዘንድ ነበር። ማክሰኞ ጎርፍ ዋናውን መንገድ ቆረጠው። ረቡዕ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ሐሙስ ጠዋት ትንሳኤ በድንጋያማው አቋራጭ፣ በጭነት መኪናው ይዟት እንደሚሄድ ተናገረ። አቋራጩ አሥር ሰዓት ይፈጃል።

አከራያቸው እትዬ ኻዲጃ ድሬዳዋ ያደጉ ሙስሊም ናቸው። ሕፃኗን ለመጠየቅ ገብተው ነገሩን ሲሰሙ፣ "ሲሚንቶ አይደለችም እኮ፣ ልጄ። ለሲሚንቶውም እንዲህ ተጣድፈህ አታውቅም" አሉት። ግንባሯን ዳሰሱ፤ አላህ ያሽራት ብለው ወጡ።

ትንሳኤ አልሳቀም። ቀኑ ካለፈ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ልጅቷን ይወስድብኛል ብሎ እንደሚፈራ ለሙሉነሽ ነገራት። እሷም ልጆቻቸውን ወደ ኢየሱስ ያመጡትን ሰዎች አስታወሰችው፤ የከለከሏቸው ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ፣ እሱ ግን ተቆጥቷቸው ልጆቹን አቀፈ። ትንሳኤ ጌታ መሐሪ መሆኑን አልካደም። የሚፈራው አብን ነው።

"ከወልድ ጀርባ የተደበቀ ሌላ ቁጡ አምላክ ያለ ይመስልሃል?" አለችው። "አብን ያየው ሰው የለም፤ የገለጠልን ልጁ ነው። ታዲያ እሱ ያቀፈውን አባቱ ይገፋል?"

ትንሳኤ ወጥቶ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ያለ ምክንያት ዘጋው። ሞተር ባስነሳ ቁጥር በአብ ስም ያማትባል፤ አብ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ኢየሱስ ትኩሳት ያላትን ጨቅላ ለቀጠሮ ብሎ በዚያ ድንጋይ ላይ አሥር ሰዓት ሲያንገላታት ሊያስብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አብንም በዚያው ቦታ ሊያስበው ሞከረ። የመጡለት እነዚያው የሚያቅፉ እጆች ነበሩ።

ተመልሶ ገባ። ሳይቀመጥ እናቱ ጋ ደወለ፤ ሙሉነሽም፣ ለክርስትናው ጅግጅጋ የተሰበሰቡት ዘመዶችም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"እማዬ፣ ነገ አንመጣም" አለ። "ልጅቷ ትዳን፣ መንገዱም ይከፈት፤ ያን ጊዜ ክርስትና እናስነሳታለን፣ በመቶ ቀኗም ቢሆን። ለቄሱ ንገሪልኝ። የድግሱን ወጥም እንዳይበላሽ እናንተ ብሉት።"