ቀይ ቆዳ የለበሰው ሩስያዊ

ውዱን የሰደቡት ግራዝማች ቢሻው ናቸው። ቀኑም አይጠፋውም፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ ዳንግላ ገበያ ላይ ነው። ውዱ ደጓሽ ነበር። ቆዳ አልፍቶ፣ ቀይ ቀለም አጠጥቶ፣ በጋለ ብረት ሐረግ እያተመ ዳዊት ያለብሳል። ያን ቀን የሠራውን የዳዊት መያዣ ማኅደር ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ ግራዝማች በከዘራቸው ጫፍ አንስተው አዩትና፣ «ይህን የፋቂ እጅ የነካውን ነው ማኅደር የምትለው? ለአህያህ አልብሳት» ብለው መሬት ላይ ጣሉት። ገበያተኛው ሳቀ። ከሳቁት መካከል ማን ማን እንደነበረ ውዱ ዛሬም በስም ይጠራልሃል።

ቂም መያዝ ያውቅበታል። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳይጨርስ የወጣው አባቱ ሞተው እርሻው ቢጠራው ነው፤ ሰው ግን ትምህርት እንቢ ብሎት ነው ይላል። እሱንም አልረሳም። ከግራዝማች ስድብ ወዲህ ደግሞ መጽሐፍ የሚባል ነገር ትቶ ኮርቻና ጠፍር ሲሠራ ከረመ።

በሃምሳ አራት መስከረም ላይ መምህር አየነው አንድ ሣጥን አሸክሞ ወደ ውዱ ቤት መጣ። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ለቤተ መጻሕፍት ለቅቆ ነበር። በሣጥኑ ያለው ከአዲስ አበባ የተላከ፣ የአንድ የጥንት ሩስያዊ ደራሲ ድርሰት ሁሉ፣ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ልብሱ ወረቀት ስለነበር ክረምቱ ሙጫውን አስለቅቆት ቅጠል ቅጠሉ ወጥቷል። መምህሩ እንደምንም ስፋልን አለ።

ውዱ መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንደሚያወራ ነው። መምህሩም ስለ ጌታና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ በረዶና ስለ ፈረስ ነው ብሎ አንዱን ገልጦ ተረጎመለት። የጌታው ሹም የአንድ ጭሰኛ ፈረስ ይቀማል። ጌታው ነገሩን በማግስቱ ይረሳዋል። ጭሰኛው ግን እስኪያረጅ አይረሳም።

ውዱ ወስፌውን አስቀመጠ። «ይኸ ሰውዬ የኔን ጉድ ከማን ሰማ?»

«አያ ውዱ፣ ከሞተ እኮ ቆየ።»

«ነፍሱን ይማረው። እንግዲያ እንደምንም አይሰፋም።»

እንዳለውም አደረገ። የዋንዛ ገበታ ጠርቦ፣ ቅጠሉን በጅማት ሰፍቶ፣ እያንዳንዱን ቀይ የፍየል ቆዳ አለበሰው። ሐረጉን ዙሪያውን አተመበት፤ መሐሉ ላይ ግን መስቀል አላኖረም። የቱ ለማን እንደሚገባ ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ከደጅ ደርድሮ ብቻውን ሲያየው ዋለ። እንዲህ ያለ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ወሬው ግን ቀደመው። የዳዊትን ልብስ ለሩስያ ተረት አለበሰው ተባለ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ እኒያው ግራዝማች ቢሻው ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈት ዕለት መጥተው «ይገፈፍ» ካሉ ይገፈፋል፤ መምህሩም ይህን ሳይደብቅ ነገረው። ውዱ እኔን ይስደቡኝ፣ ለምጄዋለሁ፣ ሥራዬን ሲገፍፉ ግን ቆሜ አላይም እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ዕለቱ ደረሰ። ክፍሉ በመምህራንና በወላጆች ሞልቶ ውዱ በሩን ተደግፎ ቆመ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ገቡ። የጥዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ያንን ቀይ ድርድር ታበራዋለች። እሳቸው ወሬውን ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ያየው ግን ዳዊት ነው። መምህሩ አፉን ሳይከፍት ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንዱን አነሱ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙት።

«ዳዊቱን ማስቀደማችሁ ደግ አደረጋችሁ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ያ የሩስያው ተረት የታለ?»

መምህር አየነው ጠጋ አለ። «የያዙት እሱን ነው፣ ግራዝማች።»

አንዲት ወይዘሮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ግራዝማች መጽሐፉን አይጥሉት ነገር ተሳልመውታል፣ ይገፈፍ አይሉ ነገር ሰው ሁሉ አይቷል። በአውራ ጣታቸው ሐረጉን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ከቦታው ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይነካው» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ «ማለቴ፣ አንባቢው እጁን ታጥቦ ያንብብ» ብለው አረሙ።

ከዚያ ማን እንደደጎሰው ጠየቁ። መምህሩ ወደ በሩ አመለከተ። ግራዝማች ውዱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ አላወቁትም።

«እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ወዴት ተደብቀህ ኖርክ?» አሉት። «የኔ ዳዊት ገበታው ተሰንጥቋል። ነገ ከቤት መጥተህ ውሰድና እንዲሁ አድርገህ ደጉስልኝ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ውዱን አየ። ለእኒህ ሰውዬ የሚሰጠውን መልስ ስንት ሌሊት ሲስለው ኖሯል፤ አሁን ምላሱ ላይ ነው። መደርደሪያውን አየ። ቀዩ ድርድር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንግዲህ የሚነካው የለም። ጋቢውን በትከሻው ላይ አጣፋ፣ ለመምህር አየነው ብቻ እጅ ነሳ፣ ወጣም።

«ምነው፣ አይሰማም እንዴ?» ሲሉ ግራዝማችን ከኋላው ሰማቸው። በገበያው መንገድ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሳይቸኩል ሄደ።