አልተነካሁም ያለው ለጊ

አሜሪካኖች እግር ኳስ በሚሉት ጨዋታ ሁሉም ኳሷን በእጁ አቅፎ ይሮጣል። በእግሩ የሚተዳደር ቢኖር እንደ ኦርቪል ስታንገር ያለ ለጊ ነው። ቡድኑ ሦስቴ ሞክሮ አሥር ያርድ መራመድ ሲያቅተው፣ በአራተኛው ኦርቪል ይጠራና ኳሷን አርቆ ወደ ባላጋራ ሜዳ ይለጋታል። ቡድኑ ካልከሸፈ ሥራ የለውም ማለት ነው። እንደ ሬሳ ሣጥን ነጋዴ የሰው መከራ እየጠበቀ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል።

ዘንድሮ ግን ቡድኑ ዱሉዝ አልከሽፍ አለ። ኳስ ወርዋሪው እጁ ወንጭፍ ነው፤ አሰልጣኙ ማዙር ደግሞ በአራተኛውም ሙከራ «ወደፊት!» የሚል ግትር። ኦርቪል አምስት ጨዋታ ሙሉ ካፖርቱን ተከናንቦ ከዳር ተቀመጠ። እግሩ ላይ ሸረሪት አደራበት የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ሁለት ነበሩ።

ቅዳሜ ማዙር ጠራው። «ስማ፣ ነገም ካላስፈለግኸን ሰኞ ዕቃህን ሰብስብ።»

«ኮች፣ እኔ የማስፈልገው እኮ እናንተ ሲጨንቃችሁ ነው!»

«እንግዲያ ጸልያ!»

ጸለየ። ሚስቱ ጁኒስ የቡድኑን ማልያ ለብሳ «ጌታ ሆይ፣ ድል ስጠን» ስትል፣ እሱ በሆዱ «ትንሽ ብቻ አደናቅፋቸው» ይላል።

እሑድ በረዶው ይወርዳል፤ ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀረው። ዱሉዞች ሦስቴ ተደፍጥጠው እስከ ራሳቸው መስመር ተገፉ። ማዙር ሳይወድ በግዱ «ለጊ!» ብሎ ጮኸ።

ኦርቪል ሠርግ እንደተጠራ ሰው እየሳቀ ገባ።

«ጋሼ፣ የእኛ ጎድን ወልቆ አንተ ትስቃለህ?» አለው ፊት ለፊቱ የሚከላከልለት ግዙፉ ዴሻን።

ለጋት። ኳሷ ደመና ውስጥ ገባች። እስክትመለስ አንድ ቋሊማ ሻጭ ሦስት ሸጦ መልስ ሰጠ። ስትወርድ በረዶ ለብሳ፣ ከባላጋራ መስመር አንድ ክንድ ሲቀራት ቁጭ አለች።

ኦርቪል ግን አላያትም፤ መሬት ላይ ተንጋሎ ያቃስታል። ለጊን ገጭቶ የጣለ ቡድን ስለሚቀጣ፣ ለጊዎች ከመለጋቱ እኩል መውደቅ ይለማመዳሉ። ሊደርስበት የሮጠ የአንድ ባላጋራ ጥላ ቢያልፍበት ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልማዱ ጠልፎ ጣለው።

ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ወረወረ። ቅጣት! ኳሷ ለዱሉዝ ተመለሰች፤ ያቺ ምትም እንዳልነበረች ተቆጠረች።

ኦርቪል ብድግ አለ። «ኧረ አልነካኝም! ጌታዬ፣ አዳልጦኝ ነው!»

«ሃያ ዓመት ስዳኝ አልተነካሁም ያለ ለጊ አላየሁም» አለ ዳኛው። «ጭንቅላቱን መትተውታል፤ ሐኪም ጥሩለት።»

እየተንፈራገጠ በቃሬዛ ወጣ። ዱሉዝም በዚያችው ኳስ ገፍቶ አሸነፈ።

ሰኞ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ቢሮ ገባ። ማዙር አወዳደቁን በቪዲዮ እየደጋገመ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

«ማንም አልነካህም እኮ፣ አንተ ሌባ! በል ለሁለት ዓመት ፈርም።»

«ምቷንስ አዩዋት ኮች?»

«የቷን ምት?»

ኦርቪል ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ኳስ የሰጠው የለም፤ ፍራሽ አነጠፉለት።