ክብደቱ አንድ አምስተኛ፣ ክኒኑ ግማሽ

ባሌ ማቴዎስ ሚዛን ላይ የማያወጣው ነገር የለም። ፎንቆ ገበያ እህል ነጋዴ ነው፤ የፓስተራችንን ስብከት ሳይቀር «የዛሬው ኩንታል ይሞላል» ይላል። እኔንም ሳያገባኝ በፊት በዓይኑ መዝኖኝ ይሆናል፤ ጠይቄው አላውቅም።

የሦስት ዓመቱ ልጃችን ቲቶ የአባቱን የሚጥል በሽታ ወረሰ። ሆሳዕና ወስደነው ዶክተር ሮዳስ ክኒን አዘዘችለት፤ ማቴዎስ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚውጠውን ያንኑ ክኒን። ባሌ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ማስላት ጀመረ።

«ክብደቱ የኔ አንድ አምስተኛ ነው» አለኝ። «መድኃኒቱ ግን የኔ ግማሽ! ይቺ ዶክተር ተሳስታለች።»

«ተመልሰህ ጠይቃታ!»

«ሐኪም ይጠየቃል እንዴ?» ብሎ ዝም አለ። ዝም ሲል መፍራት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ክኒኑን ማታ ማታ የሚሰጠው እሱ ነው።

ወር ሳይሞላ ቲቶ እሁድ ጠዋት ቸርች ውስጥ፣ መዝሙር መሃል፣ ተንቀጠቀጠ። ምእመኑ ተሰብስቦ ጸለየ። እኔም ጸለይኩ፣ ግን አንድ ዓይኔን ገልጬ። ማቴዎስ ወለሉን ነበር የሚያየው። ቤት ስንገባ አፋጠጥኩት። ለካ ክኒኑን በምላጭ እየቆረጠ ጥቂቷን ብቻ ይሰጠው ኖሯል! ጮህኩበት፤ ጎረቤት ይመስክር። በማግስቱ ሁለቱንም እየጎተትኩ ሆሳዕና ወሰድኳቸው።

ዶክተር ሮዳስ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ እኔን አናደደኝ።

«አቶ ማቴዎስ፣ ልጅ ማለት ያነሰ ትልቅ ሰው ማለት አይደለም» አለችው። «ገና የተወለደ ሕፃን ጉበቱና ኩላሊቱ አልጠነከሩም፤ መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ይቆይበታል፣ ስለዚህ በጣም እንጠነቀቃለን። የቲቶ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ግን ጉበቱ ሥራ ይወዳል። ይህን መድኃኒት ከእርስዎ ቀድሞ ነው የሚጨርሰው። በኪሎ ካሰብነው ከእርስዎ የበለጠ ያስፈልገዋል። ለምን አልጠየቁኝም?»

ማቴዎስ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ልጅ ሆኜ ይህን ክኒን ስወስድ ክፍል ውስጥ እተኛ ነበር» አለ። «አስተማሪውም ተማሪውም ‹እንቅልፋሙ› ነበር የሚለኝ። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። እሱም እንዲያ እንዳይባል ብዬ ነው።»

የያዝኩት ንዴት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። በዚያች ደቂቃ ባሌን እንደ አዲስ ወደድኩት፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም፣ ይኮራል።

«እንቅልፉ ከበዛበት አምጡት፣ እኔ አስተካክላለሁ» አለች ዶክተሯ። «ምላጩን ግን ለጺምዎ ያድርጉት።»

ከዚያ ወዲህ ቲቶ የታዘዘለትን በሙሉ ይወስዳል። መጀመሪያ ሰሞን ያንቀላፋ ነበር፤ ኋላ ለቀቀው። ያ ነገር ተመልሶ አልመጣም። እኛ ግን ማመን ፈራን። ልጁ ከታመመ ጀምሮ «ወደቀ» የምትለዋን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም ከአፉ አያወጣትም፤ ሲኒ እንኳ ከእጃችን ሲያመልጥ «ተሰበረ» ብለን እናልፋለን።

ባለፈው የገበያ ቀን ለማቴዎስ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ቲቶ የስንዴ ጆንያ ክምር ላይ ወጥቶ ይዘላል። አባቱ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። ዞር እንኳ ሳይል፣ እንደ ማንኛውም አባት፣ «አንተ ልጅ፣ ውረድ! ትወድቃለህ!» ብሎ ጮኸ።

ምሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።