ባክጂን አቀበት ላይ ያስቆምኩት መኪና

ልጄ ጂንሰክ ክፉ አይደለም፤ ግትር ነው። በአባቱ ወጥቶ ነው። ባሌን ፒልጉን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ እግሩ ከደከመ ወዲህ፣ ልጁ በደወለ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፦ ቤቱን ሽጡና ሴኡል እኔ ጋ ግቡ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ! በርበሬዬን የት ላሰጣው ነው፣ ሊፍት ውስጥ?

ባለፈው መኸር ሁለቱ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ውል ገቡ። ፒልጉ ከአንዶንግ ግድብ ተነስቶ የናክዶንግን ወንዝ ተከትሎ፣ ወንዙ ቡሳን ላይ ባሕር እስኪገባ ድረስ በራሱ ጉልበት በብስክሌት ከደረሰ ቤታችን ውስጥ እንቀራለን። ካቃተው ቤቱ ይሸጣል። መንገዱ ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ማስረጃው ማህተም ነው፤ በየቦታው የስልክ ቤት የሚመስሉ ቀያይ ሳጥኖች አሉ፣ ውስጣቸው ባለው ማህተም ደብተርህን ትመታለህ። አሥራ ሁለት ናቸው።

«እማዬ፣ አብረሽው ሂጂ፤ ግን እንዳትረጂው» አለኝ ጂንሰክ።

«አንተ ደግሞ ዳኛ ሆንክብኝ!» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ልጅ ሆኖ እንዴት በአባቱ አያምንም?

ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ሩዝ በባሕር ቅጠል ጠቅልዬ በራሴ ብስክሌት ከኋላ። ቀኝ እግሩ ለሁለት ይሠራል፣ ግራው ይከተላል። በየሳጥኑ እየወረደ ማህተሙ ላይ እፍ ይላል፣ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ቀስ አድርጎ ይጫነዋል። እኔ ውጪ ቆሜ «የመሬት ካርታ ልታትም ነው እንዴ?» እላለሁ። መንገዱን ሙሉ ልጄን ስረግም ነው የሄድኩት።

በስድስተኛው ቀን ባክጂን አቀበት ሥር ደረስን። ቀና ብዬ ሳየው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ፒልጉ ከብስክሌቱ ወርዶ ውሃ እየጠጣ ሳለ ጎመን የጫነ መኪና ከኋላችን መጣ። እጄን ዘረጋሁ፣ ቆመልኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ታማሚ ነው፤ እስከ ላይ ብቻ አድርስልን» አልኩት ሾፌሩን።

«ሱናክ፣ ቆይ እስቲ ልሞክረው» አለ ፒልጉ።

«ምኑን ነው የምትሞክረው? ብትወድቅስ? ማን ያየናል? ማህተሙ እንደሁ ከማዶ ነው። ግባ!»

ገባ። ስድስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በቀር ቃል አልወጣውም። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት።

ቡሳን ስንደርስ ጂንሰክ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አባቱ የመጨረሻውን ማህተም ሲመታ አየ፣ ደብተሩን ተቀብሎ አንድ በአንድ ገለጠው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አባባ፣ አሸነፉኝ» አለ። እኔማ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ጂንሰክም ተማሪ ሳለ ይህንኑ መንገድ በብስክሌት ሄዶታል። ለጨዋታ ያህል «ባክጂን ግንቡ ላይስ ምን ብለው ጻፉ?» አለው። የአቀበቱን ዳር የሚይዝ የኮንክሪት ግንብ አለ፤ ብስክሌቱን እየገፋ የሚወጣ ሁሉ በድንጋይ እየፋቀ ምሬቱን ይጽፍበታል። የሄዱ ሰዎች ሲገናኙ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው። እኛ በመኪና ውልብ ብለን አልፈነዋል።

«ስሙን ነዋ!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ።

«አልጻፍኩም» አለ ፒልጉ። «በጭነት መኪና ነው የወጣሁት።»

ወይ እዳዬ! እዚያው ወንዙ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም።

ጂንሰክ ደብተሩን ዘጋው። «ማነው መኪናውን ያስቆመው?»

«ምን ያደርግልሃል? የገባሁት እኔ ነኝ። በል ብስክሌቱን መኪናህ ላይ ጫነው፣ እንመለስ።»

ከሰዓት በኋላ አቀበቱ ሥር ነበርን። ፒልጉ መሪውን ይዞ መግፋት ጀመረ። ግራ እግሩን እየጎተተ አሥር እርምጃ ይሄድና ይቆማል፣ ማረፉ እንዳይታወቅበት ግንቡን ጮክ ብሎ ያነባል። «‹ይህን መንገድ ያወጣ መሐንዲስ ራሱ ይግፋው› ይላል። እውነቱን ነው!» ጂንሰክ ቢወድቅ ሊይዘው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላው ይሄዳል፤ አንዴም አልነካውም። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። ጫፉ ላይ ሲደርስ ሸሚዙ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር።

«ቤቱ አይሸጥም። ሁለተኛ አላነሳውም» አለ ጂንሰክ፤ መኪናውን ሊያመጣ ወደ ታች ወረደ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዱባ የሚያህል ደስታ ሊሰማኝ ሲገባ አንገቴን ደፋሁ።

«ያን ቀን መኪናው ላይ ያሳፈርሽኝ የደከመኝ መስሎሽ ነው?» አለኝ።

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አልሆነልኝም። «የማትችል መስሎኝ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፤ የያዝኩለትን ውሃ ተቀብሎኝ ጠጣ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።