ብርድ የያዘው ማሞቂያ

ራሱ የማይግል ማሞቂያ ቤት የሚያሞቀው እንዴት ነው? ወይዘሮ የትነበርሽ ከነጋ ለአራተኛ ጊዜ ራሳቸውን ጠየቁ። በመስኮቱ ሥር ያለውን የብረት ማሞቂያ በመዳፋቸው ደባበሱት፤ ለብ ብሏል እንጂ አይሞቅም። የቀድሞው ቢሆን እጅ አያስነካም ነበር።

የአራት ወር የልጅ ልጃቸው ረሆቦት ጀርባቸው ላይ ታዝላ ተኝታለች። ሳንባዋን ታማ ከሆስፒታል ከወጣች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።

ማሞቂያዎቹን ሁሉ ያግል የነበረው፣ በጋዝ የሚነደው አሮጌው ቦይለር ተነቅሎ የተወሰደው ትናንት ነው። በሆላንዷ ዴን ሃግ ከተማ ያለው ይህ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ስለሆነ በፊት ለፊቱ ሚስማር እንኳ አይመታበትም። አዲሱን መሣሪያ፣ ማራገቢያ ያለውን ትልቅ ነጭ ሣጥን፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለው በረንዳ ላይ ተከሉት። ቴክኒሻኑ የተናገረውን ልጃቸው ሮዳስ ተርጉማላቸው ነበር።

«ከውጭው አየር ሙቀት እየወሰደ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ እማዬ።»

«ከዚህ ብርድ? ምን ሙቀት አለውና ይወስዳል?»

«አለው ይላሉ።»

«ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!»

ሮዳስ አልሳቀችም። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ዛሬ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስትመለስም ፊቷ እንደተቋጠረ ነበር። የሠፈሩ የሕፃናት መዋያ ለረሆቦት የያዘላት ቦታ የሚቆየው እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው፤ ሄዳ ካልፈረመች ለሌላ ልጅ ይሰጣል። «እስቲ ዛሬን ብቻችሁን ዋሉና አይቼ እወስናለሁ» ብላ ወጣች። መዋያ! ሃያ ሕፃን አብሮ የሚያስልበት ቤት! ወይዘሮ የትነበርሽ ይህን እያሰቡ አንቀልባውን ጠበቅ አደረጉ።

ረፋዱ ላይ በኩሽናው የመስታወት በር ወደ በረንዳው ተመለከቱ። የሣጥኑ ጀርባ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ ይንቀጠቀጣልም። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለና ከላዩ እንፋሎት ተነሣ፤ ከሥሩ ደግሞ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። እሳቸው ይህን ያውቁታል። መተሐራ ሳሉ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ወባ የሚያንዘፈዝፋቸው እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ ብርድ፣ ቀጥሎ ላብ። ብርድ ብርድ ላለው ምን እንደሚደረግለትም አይጠፋቸውም።

«አይዞህ» አሉት። ወፍራም ብርድ ልብሳቸውን አምጥተው ዙሪያውን ጠቀለሉት፤ ነፋስ እንዳይገልበው በገመድ ጠፍረው አሰሩት። ነፋስ የሚተፋበት አፉ ሲሸፈን ድምፁ ለዘብ አለ። ተሻለው ማለት ነው።

ቀትር ሲሆን ግን ግድግዳው ላይ የቤቱን ሙቀት የሚያሳየው፣ ጠዋት ሃያ ይል የነበረው ቁጥር አሥራ ሰባት ደርሶ አገኙት። ከጎኑ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እንዴት? የተሻለው ሰው ይነሣል እንጂ ይሞታል? ሮተርዳም ወደብ ለሚሠራው ወንድ ልጃቸው ለመልአኩ ደወሉ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም። ይኼ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መብራት ምንድን ነው?»

«ኧረ እኔ ፎርክሊፍት እየነዳሁ ነው! ለሮዳስ ደውይላት።»

«ለሷማ አልደውልም።»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምን እሰብራለሁ? የበረደውን አለበስኩ እንጂ።»

«ማንን? ቤት ውስጥ ማን አለ?»

ስልኩን ዘጉበት። የማሞቂያዎቹን መዘውር ሁሉ አንድ በአንድ አዞሩ፤ ለውጥ የለም። ወደ ምድጃው ሄዱ፤ እሱም ትናንት ተቀይሯል፤ እሳት የሌለው ጥቁር መስታወት ነው፤ ድስት ካልተጣደበት አይግልም። በዚህ ቤት እሳቱ የት ገባ? በመጨረሻ ሕፃኗን ከጀርባቸው አወረዱ፣ ቀሚሳቸውን ፈትተው ባዶ ደረታቸው ላይ ለጠፏት፣ ያገኙትን ልብስ ሁሉ ከላይ ደራርበው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም።

ሮዳስ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ካፖርቷን ልታወልቅ አንድ እጅጌዋን አውጥታ ቆመች። ቁጥሩን አየችው፤ አሥራ አራት። ወደ ኩሽና ገብታ ተመለሰች።

«ማነው ያለበሰው?»

«እኔ ነኝ። ብርድ ይዞት ነበር፤ ያልበውም ነበር።»

ሮዳስ ወደ ሶፋው ቀረበች። ተንበርክካ ጣቶቿን ከልብሱ ሥር ሰደደች፤ የልጇን አንገት፣ ከዚያም እግሯን ዳሰሰች። ትንፋሿን አዳመጠች።

«ትሞቃለች» አለች፣ የምትጠይቅ ይመስል።

«ከቀትር ጀምሮ እኔ ላይ ሆና ለምን አትሞቅ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተቀምጠሽ? ለምን አልደወልሽልኝም?»

ወይዘሮ የትነበርሽ ውሸት ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም።

«ብደውል ወደ መዋያው ትወስጃታለሽ ብዬ።»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ለልጅቱ ነው የሳሱት ወይስ ለራሳቸው? ይህንንም አላወቁትም።

«ሮዳስዬ፣ ይኼ ቤት ጠፋብኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሳቱ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ልጅ ትጠብቃለች? አንቺው ፍረጂ።»

ሮዳስ ተነሥታ በረንዳው ላይ ገመዱን ፈታች። ቅዝቃዜ የጠጣውን ብርድ ልብስ ይዛ ገብታ ወንበር ላይ ሰቀለችው። ሰዓቷን አየች፤ ለአሥር ሃያ ጉዳይ ነው። የወጣውን እጅጌዋን መልሳ ለበሰች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ጎንበስ ብላ የረሆቦትን ኮፍያ ጆሮዋ ላይ ሳብ አደረገችው። ወይዘሮ የትነበርሽ ሕፃኗን ልትወስድባቸው መስሏቸው ክንዳቸው ጠበቀ። አልወሰደቻትም፤ ብቻዋን ወጣች።

ወደ መዋያው ልትፈርም ከሆነ በሩ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ መድኃኒት ቤቱና ገበያው በስተቀኝ ነው። መንገዱን የሚያሳየው መስኮት ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ግን ቢነሡ ሕፃኗ ትነቃለች። የሮዳስ ጫማ ድምፅ ቀጥ ባለው ጠባብ ደረጃ ላይ እየራቀ ወረደ፣ የታችኛው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።