የዓባይነህ ሕንድኛ

«አባትሽ ሕንድኛን ከሕንዶቹ እኩል ያውቅ ነበር» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከውብአየሁ ጎን እየተቀመጡ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያላላት ለቀስተኛ የለም። እሷም እንደ ሌላው ጊዜ አመስግና አቀረቀረች። አባቷ ቤት ውስጥ አንዲት የሕንድኛ ቃል ሲናገር ግን ሰምታ አታውቅም።

ዳንግላ ላይ መጀመሪያ የሕንድ ፊልም ያሳየ ሰው አባቷ ዓባይነህ ነበር። በገበያ ቀን አዳራሹ ከገጠር በመጣ ሰው ይሞላል፤ እሱ ማይክሮፎኑን ይዞ ከሸራው ጎን ይቆምና ተዋንያኑ የሚሉትን በአማርኛም በአገውኛም ይናገራል። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ያወራል። ሕንድ አገር የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ከሠሩት አንዱ፣ የምትተውን ሴት አጥቶ ወንድ ቀሚስ አልብሶ እንደቀረጸ፣ ዛሬ ግን ትልቁ የፊልም ሽልማት በስሙ እንደሚሰጥ ይናገራል። ይህን ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር።

አሁን የከተማው ወጣቶች አዳራሹ በዓባይነህ ስም ይጠራልን እያሉ ነው። የሕይወት ታሪኩን እንድትጽፍላቸው፣ በተለይም ሕንድኛውን የት እንደተማረ እንድትነግራቸው ለምነዋታል።

ውብአየሁ የፊልም ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩትን ጋሽ አየነውን ከድንኳኑ ጀርባ ወስዳ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የትም አልተማረ። የተዋንያኑን ፊት እያየ ነበር የሚናገረው።»

ከዚያም የአንዱን ፊልም ነገር አወሩላት። መጨረሻው ላይ አንድ ወታደር ወደ አንዲት እናት ይመጣል፣ ቆቡን አውልቆ ያናግራታል፣ እሷም መሬት ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። ዓባይነህ «ልጅሽ ደኅና ነው፣ እየመጣ ነው» ብሎ ተረጎመው፤ አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። በኋላ አንድ ሕንዳዊ መምህር ወታደሩ የሚያረዳት የልጇን ሞት እንደሆነ ነገራቸው። ዓባይነህ ግን በማግሥቱም እንደ ትናንቱ ተናገረ።

«ለምን ብዬ ጠየቅሁት» አሉ ጋሽ አየነው። «‹ውዴ አዳራሽ ውስጥ አለች› አለኝ። አንቺ እማማ ውዴ የምትያትን ማለቱ ነው፤ ልጇ ጦር ሜዳ ቀርቶባት ነበር።»

ውብአየሁ ግራ እንደተጋባች ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። አባቷ ውሸታም ነበር? ይህንስ እንዴት አድርጋ ትጽፈዋለች? እማማ ውዴ በምርኩዝ እየተደገፉ ሲገቡ አየቻቸው። አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና፣ ልትጠይቅ እንደማይገባ እየተሰማት፣ ስለ ወታደሩ ፊልም አነሳችባቸው።

«ወታደር ቆቡን አውልቆ ሲመጣ ምን ሊል እንደመጣ አውቃለሁ» አሉ እማማ ውዴ። «እኔም ቤት መጥቶ ነበር።»

«ታዲያ ፊልሙን ለማየት ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«ከአባትሽ በቀር ልጅሽ እየመጣ ነው የሚለኝ ማን ነበር?»

የአሮጊቷ ነጠላ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ነበር። ውብአየሁ አንስታ መለሰችላቸው፤ እጇንም እዚያው ትከሻቸው ላይ ተወችው።