የታችኛው ኩሬ

«ይሄ ውሃ ከየት ነው የተቀዳው?»

አክስቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። «ከጓሮው ጉድጓድ ነዋ፤ ከየት ሊቀዳ ኖሯል? ይልቅ አረፍ በል፣ ሰው ያይሃል።»

ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሁሉም እጅ ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ። ነፍሰ ጡር ሚስቱም ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ፉት ትላለች።

ታላቅ እህቱ ከመሞቷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችለት ስለዚሁ ውሃ ነበር።

«የጓሮውን ውሃ ለጊዜው አትጠጡ» አለችው። «ነገ መጥቼ ናሙና እወስዳለሁ።»

«እትዬ ደግሞ! ይሄ ውሃ አይደል እንዴ ያሳደገን?»

«ልጄ፣ አትጠጡ አልኩህ።»

«ልጄ» የምትለው ስትጨነቅ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ የፍሳሽ ማጣሪያው ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ጭንቀቷ ሰፋ እንጂ አልቀነሰም፤ ሰፈሩን ሁሉ እንደ ልጇ ታየው ጀመር። ሠራተኞቹ «እሜቴ ዝጉ» ይሏታል፤ በሄደችበት ሁሉ አንድ የሚዘጋ ቧንቧ አታጣም። ስታውቅ አልተቀየመችም። «ምን ላድርግ፣ ክፈቱ የሚለውማ ሞልቷል» ብላ ሳቀች።

ከስልኩ ማግስት ሥራ ላይ እንዳለች ራሷን ስታ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ አሉ። ናሙናውም ሳይወሰድ፣ ነገሩም ሳይብራራ ቀረ። እሱ ለሚስቱ ነግሮ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ነበር፤ ለቅሶው ሲመጣ ግን ማዕድ ቤቱን ዘመድ ተረከበው፤ በዚያ ግርግር ማን ማንን ይሰማል።

የፋብሪካው የማጠቢያ ክፍል የፈረቃ አለቃ ሲገባ አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ጋሼ፣ እህቴ ምን አግኝታ ነበር?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀው።

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። «የታችኛው ኩሬ ሥሩ የተነጠፈው ላስቲክ ተቀዷል። ክሮም የሚባለው የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ያለበት ፍሳሽ ወደ መሬት እየሰረገ ነው ብላ፣ ወደዚያ የሚወስደውን ቧንቧ ዘጋችው። ክፍላችን ቆመ። እኔም ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩባት፤ ሥራ አስፈታሽን አልኳት።»

«እሷስ?»

«እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ‹በል አሁን፣ ቤትህ ጉድጓድ አለ?› አለችኝ። የእኔም ቤት ጉድጓድ አለው።»

«አሁንስ ተጠግኗል?»

«አልተጠገነም። ግን ቧንቧው ዛሬ ከሰዓት እንዲከፈት ታዟል።»

«ውሃውን ብናፈላውስ?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ክሮም የትም አይሄድም አለችኝ።»

ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ። ሚስቱ ብርጭቆዋን ዳግመኛ እያስሞላች ነው። ሊጠራት አፉን ሲከፍት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከፊቱ ቆሙ።

«እግዜር ያጥናህ» ብለው እጁን ጨበጡት። «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

እጃቸውን አልለቀቀም። «ቧንቧውን ሊያስከፍቱት ነው እንዴ?»

«ይሄማ ለቅሶ ቤት ነው። ቢሮ ና፣ እንነጋገራለን።»

«የሚከፈተው ዛሬ ነው አሉኝ።»

«ወንድሜ፣ ጉድጓዶቹ ገና አልተመረመሩም። ምንም ላይኖርባቸው ይችላል።»

«ሊኖርባቸውም ይችላላ!»

ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። ግቢው ሁሉ ዞሮ አየው። ሐዘንተኛ ብድግ ብሎ እንዲህ እንደማይናገር ያውቃል። ግን ተነሳ።

«ብርጭቋችሁን አስቀምጡ። ይሄን ውሃ አትጠጡ ብላ ነበር።»

«ምነው ልጄ!» አሉ አክስቱ ደንግጠው። «ሐዘኑ ነው እኮ...»

«ሐዘኑ አይደለም እማማ» አለ የፈረቃ አለቃው፤ እሱም ተነስቶ ነበር። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ጌታዬ፣ የዛሬው ፈረቃ የኔ ነው። ኩሬው ሳይጠገን አልከፍትም።»

ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ሲቀመጡ ተሰማ። ከሠራተኞቹ ገሚሱ ተነስተው ከአለቃቸው ኋላ ቆሙ፤ ገሚሱ እንዳቀረቀሩ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን አስተካክለው ሳይሰናበቱ ወጡ።

ቧንቧው እንደተዘጋ ዋለ፤ በማግስቱም የሚከፍት ሰው ጠፋ። ፍሳሹን ወደ ላይኛው ኩሬ ገልብጠው ላስቲኩን የሚጠግኑ ሰዎች መጡ፣ ቦቴ መኪናም ለሰፈሩ ውሃ ማደል ጀመረ። ለፋብሪካው አጥር ቅርብ በሆኑት ጉድጓዶች ውስጥ ክሮም ተገኘ። የእነሱ ጓሮ ውጤት ግን ገና አልመጣም። ሚስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ለጊዜው ደህና ነሽ» ተብላ ተመለሰች። ያቺ «ለጊዜው» ቤቱ ውስጥ እንደ ዝንብ ስትዞር ትውላለች።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የፈረቃ አለቃው የእህቱን ቦት ጫማ በፌስታል ይዞ መጣ። «ሎከሯ ውስጥ ነበር» ብሎ ሰጠውና ሄደ። ሶሉ ላይ የኩሬው ዳር ጭቃ አረንጓዴ እንደሆነ ደርቆ ተጣብቋል።

ከቦቴው ከቀዳው ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጦ ጫማውን አጠበ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ጭቃ ሳይቀር በእንጨት ፈቅፍቆ አወጣው። ፀሐይ ላይ አሰጣው። ከዚያ እጣቢውን ሊደፋ ሳፋውን አንስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ቆመ፤ ተመለሰ። ወደ ቦዩ ሄደ፤ ከዚያም ተመለሰ።

«ምን እየፈለግክ ነው?» አለችው ሚስቱ በመስኮት።

«ይሄን የምደፋበት ቦታ» አላት። ሳፋውን እንዳቀፈ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ አለቀሰ።